ያልገባ ሰው መስመር

በጣቢያው ውስጥ ከአዛዡ ይበልጥ የሚፈራ ነገር ቢኖር የስምሪት መዝገቡ ነበር። ዳር ዳሩ የተበላ፣ ጀርባው በጥቁር ፕላስተር የተጠገነ ወፍራም መዝገብ ነው። በግራ የወጣበት ሰዓት፣ በቀኝ የገባበት ሰዓት፣ መሐል ላይ ስምና የተላከበት ቦታ። ፖሊሶቹ ጠዋት ሲወጡ በግራ ይፈርማሉ፣ ሲመለሱ በቀኝ። መዝገቡን የያዘችው አንዲት ሳጅን ናት። በማዕረጓ የሚጠራት አዛዡ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሁለቱ የበር ጥበቃዎች ሳይቀሩ፣ እቴቴ ይሏታል።

እቴቴ ብዕሩን ለማንም ዝም ብላ አታቀብልም። ከስምሪት የተመለሰ ፖሊስ ጠረጴዛዋ ፊት ሲቆም ቀና ብላ ታየውና «ሙሉ ነህ?» ትለዋለች። «ሙሉ ነኝ» ካለ ፈርሞ ያልፋል። «ጎደሎ ነኝ» ያለም ይፈርማል፤ ብቻውን ወደ ቤቱ ግን አይሄድም። ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ግድግዳ የተደገፈ ረጅም የእንጨት አግዳሚ አለ። ጎደሎው እዚያ ይቀመጣል፤ አንዱ መጥቶ ጎኑ ይቀመጣል። ማውራት ግዴታ አይደለም። አንድ ጊዜ አንድ መርማሪ ሦስት ቀን በተከታታይ ጎደሎ ነኝ ብሎ፣ ሦስቱንም ቀን ስለ ጫማው መጥበብ ብቻ አውርቶ ሄደ። በአራተኛው ቀን ሙሉ ነኝ አለ። ምን ነበር ብሎ የጠየቀው የለም።

ሌላም ደንብ ነበራቸው። የመጨረሻው መስመር ሳይሞላ ማንም የደንብ ልብሱን አያወልቅም። ይህ በየትኛውም መመሪያ አልተጻፈም። ከተጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። አዲስ የመጣ ሰው ለምን ብሎ ሲጠይቅ ነባሮቹ «ሆድ ይፍጀው» ይሉና ወሬ ይለውጣሉ።

አዲሱ አዛዥ ከዋናው መምሪያ ከመጣ አራተኛ ወሩ ነበር። ክፉ ሰው አይደለም። ጫማውን ራሱ ይጠርጋል፣ ሰው ላይ አይጮህም፣ እቴቴንም አንቱ ይላታል። ችግሩ ቁጥር መውደዱ ነው። አንድ ቀን ሁሉንም ሰብስቦ ወረቀት አደለ። ርእሱ «የባልደረባ ድጋፍና የሥራ ትጋት መለኪያ» ይላል፤ ሠላሳ ጥያቄ፣ ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ።

«ጥናቱ እንደሚለው» አለ አዛዡ፣ «ባልደረባው የሚደግፈው ፖሊስ ሥራው ላይ ይተጋል፤ የደከመው ይሰላቻል። የእኛ ጣቢያ ደግሞ ስምሪት በሰዓቱ በመዝጋት ከሁሉም መጨረሻ ነው። ሰዎቻችን ከሥራ ሰዓት ውጪ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ያመሻሉ። ይህ ድካም ነው። ከዛሬ ጀምሮ መዝገቡ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል፤ ሁሉም መስመር ይሞላል። የዘገየ ካለ ገብቷል ተብሎ ይጻፍለትና በዚያው ወደ ቤቱ ይሂድ። ቤተሰብ ያለው ከቤተሰቡ ጋር ያምሽ። ለእናንተው ብዬ ነው።»

«አቤት ጌታዬ» አለ ከፊት ረድፍ አንድ ድምፅ።

ባለ ድምፁ ከእቴቴ እኩል የተቀጠረ፣ ፀጉሩ ቀድሟት የሸበተ ፖሊስ ነው። ለአለቃ ከዚህ ሌላ መልስ ሲሰጥ የሰማው ስለሌለ መጠሪያው ያው ሆኖ ቀረ፤ አቤት ጌታዬ ይሉታል። «ግድግዳውን ግፋ ብትለው፣ የቱን ብሎ እንኳ አይጠይቅም» ይላል ሾፌሩ። ሾፌሩ ራሱ ሆዱ ቀድሞት በር የሚገባ ሰው ነው፤ እሱን ደግሞ ከበሮ ይሉታል።

ከበሮ ከስብሰባው በኋላ ወረቀቱን ይዞ እቴቴ ጠረጴዛ ላይ ተደገፈ። «ቁጥር ዘጠኝን ስሚልኝ። ሥራ ላይ ሳለሁ ጊዜው ሳይታወቀኝ ይነጉዳል። እኔ መኪና ሥር ተኝቼ ዘይት ፊቴ ላይ ሲንጠባጠብ ነጉዶ አያውቅም። ስንት ልበል?»

«የተሰማህን።»

«ከአንድ በታች የለውም እኮ።»

አግዳሚው ላይ የተቀመጠው የትራፊክ ፖሊስ ሳቀ። ጭምቱ ይሉታል፤ ሲስቅም ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። አንድ ትንሽ ልጅ አለው፤ የልጁ ፎቶ ከመታወቂያው ጀርባ እንደተሸጎጠ ሁሉም ያውቃል፣ እሱ ግን ማንም ያየ አይመስለውም።

እቴቴ ወረቀቷን አጥፋ ኪሷ ከተተችና አዛዡ ቢሮ ገባች።

«ጌታዬ፣ ያልገባን ሰው ገብቷል ብዬ አልጽፍም።»

«ሳጅን፣ ፎርማሊቲ እኮ ነው።»

«ፎርማሊቲ ከሆነ ባዶ ይቀመጥ።»

«ባዶ ከተቀመጠ ሪፖርቱ ክፍት ብሎ ያሳያል።»

«ክፍት ስለሆነ ነዋ፣ ጌታዬ።»

አዛዡ መነጽሩን አወለቀ። «ጡረታዎ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ንብረት ክፍል ሰው ጎድሎኛል። እርስዎን እዚያ ማስቀመጥ አልፈልግም። እንዳያስገድዱኝ ነው የምለምንዎት።»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ» አለች።

እሷ ዘንድ ሰምቻለሁ ማለት እሺ ማለት እንዳልሆነ አዛዡ ገና አልተማረም ነበር።

እውነቱ አጭር ነው፤ እሷም ረጅም አድርጋው አታውቅም። የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ባሏ እዚሁ ጣቢያ የሞተር ፖሊስ ነበር። አንድ ቀን ከስምሪት ዘገየ። ያን ጊዜ ሰዓት ያሳለፈ ሰው በነጋታው ይጠየቅ ነበርና፣ ተረኛ የነበረው ጓደኛው እንዳይጠየቅበት ብሎ «ገብቷል፣ 11፡30» ብሎ ጻፈለት። ደግነት ነበር። መዝገቡ ገብቷል ያለውን ሰው ደግሞ የሚፈልገው የለም። እሷ ስትደውል «ገብቷል እኮ፣ መንገድ ላይ ይሆናል» አሏት። ሞተሩ ከመንገዱ በታች ቦይ ውስጥ ወድቆ ነበር። በነጋታው ወተት የሚያመላልሱ ሰዎች አገኙት። ሐኪሙ ያረፈው ማለዳ ላይ ነው አለ። ማለዳ የምትለውን ቃል እቴቴ ከዚያ ወዲህ ለሌላ ነገር አትጠቀምባትም።

የጻፈው አቤት ጌታዬ ነው። እሷ ጽሕፈቱን ታውቃለች፤ እሱም እንደምታውቅ ያውቃል። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ኮሪደር ሲተላለፉ አንድም ቀን አላነሱትም። ያኔ ተጫዋችና እንዳሻው የሚናገር ሰው ነበር ይባላል። ከዚያ ወዲህ ግን ያዘዙትን እንጂ በራሱ ሐሳብ አንዲት ፊደል ጽፎ አያውቅም። እሷ ደግሞ ኀዘኗ ሦስት ወር እንደሆነው ቃል መቀበያ ክፍሉን ትታ መዝገቡን ስጡኝ አለች። ሰጧት።

አዛዡ ባስጠነቀቃት ዕለት ምሽት ልጇ የእናቷን ሸሚዝ እየተኮሰች ነገሩን ሰማች። የኮሌጅ ተማሪ ናት፤ ምላሷ የአባቷ ነው።

«እማ፣ ለሁለት ዓመት ብለሽ ነው? አንዲት ቃል ጽፈሽ አትገላገይም?»

«የትኛዋን ቃል?»

ልጅቷ ካውያውን አንስታ ከኮሌታው ጋር ትንሽ ታገለች። «እንግዲያው ንብረት ክፍል ገብተሽ ጫማ ትቆጥሪያለሽ።»

«ጫማ መቁጠር ምን አለው? ጫማ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። የሌለውን ጫማ አለ ብለሽ ጻፊ የሚልሽ የለም።»

ሁለት ሳምንት ያህል ዕድል ረዳቸው። ሁሉም ከሰዓቱ በፊት ይገባል። ያልገባ ካለ ከበሮ ፒክአፑን እንደ እብድ እየነዳ ከያለበት ይለቅመዋል። አዛዡ መዝገቡን እያየ ፈገግ ይላል፤ ቁጥሩ አምሮለታል።

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከድልድዩ ማዶ ያለው ቁልቁለት ላይ የጭነት መኪና ልጅ ገጨ ተባለ። ጭምቱ በሞተር ሄደ። አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ሬዲዮኑ አንድ ጊዜ ተናገረ። «ጨርሻለሁ። ልጁ አልተረፈም። እየመጣሁ ነው።» ከድልድዩ ማዶ እስከ ጣቢያው ሃያ ደቂቃ ነው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን አግዳሚው ሞልቶ ነበር። ከመዝገቡ አሥራ ሁለት መስመር አሥራ አንዱ ተሞልቷል። እቴቴ ሬዲዮኑን ስትጣራ የሚመልስላት ሹክሹክታ የመሰለ ድምፅ ብቻ ነው።

አዛዡ የእጅ ሰዓቱን እያየ ከቢሮው ወጣ። «ሳጅን፣ ይዝጉት።»

«አንድ ሰው አልገባም ጌታዬ።»

«እየመጣሁ ነው ብሏል አይደል?»

«እየመጣሁ ነው ሌላ፣ መጣሁ ሌላ።»

«ትእዛዝ ነው።»

እቴቴ የብዕሩን ክዳን ገጠመችና ደረት ኪሷ ውስጥ ሰካችው። መዝገቡን ከደነች። «ብዕሩ እኔ ጋ ነው፤ ሰውየው መንገድ ላይ ነው። መጀመሪያ ሰውየውን ላምጣ።»

ከበሮ ቁልፉን እያንቀጫቀጨ ተነስቶ ነበር። ከኋላው ሁለት ሰዎች ተነሱ።

«ማንም ውጡ አላለም» አለ አዛዡ። አሁን ድምፁ ትንሽ ከፍ አለ።

«ከሥራ ሰዓት ውጪ ነን እኮ ጌታዬ» አለ ከበሮ። «የራሳችን ሰዓት ነው። እርስዎ ራስዎ ነዎት የሰጡን።»

አቤት ጌታዬ ማስታወቂያ ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ ነበር። አልተከተላቸውም፤ አልተቀመጠምም።

ቁልቁለቱ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ ከኮረብታው ጀርባ ገብታ ግራጫ ብርሃን ብቻ ቀርቶ ነበር። የጭነት መኪናው ተነስቷል፣ ሰው ተበትኗል። የጭምቱ ሞተር ዳር ቆማለች። እሱ ግን መንገዱ መሐል ላይ ተንበርክኳል። አጠገቡ ምልክት የለ፣ መብራት የለ። መኪኖች ጥሩንባ እየነፉ በግራና በቀኙ ይሸሹታል። እሱ ቀና አይልም። በእጁ የመለኪያ ሜትር ዘርግቷል፤ የሜትሩን ጫፍ እንዳይሸሽበት ድንጋይ ጭኖበታል።

«ይህን ሰውዬ ዛሬ በገዛ እጄ ነው የምገድለው» አለ ከበሮ ጥርሱን ነክሶ። «በቅድሚያ ከመኪና ላስጥለው።» ፒክአፑን አግድም አቆመና የጣሪያውን መብራት አበራ። ሌሎቹ ሁለቱ መኪና ሊያሳልፉ ወደ ላይና ወደ ታች ሮጡ።

እቴቴ ወርዳ አጠገቡ ቆመች።

«አራት ሜትር ነው እቴቴ» አለ ሳያያት። «ስንት ጊዜ ለካሁት። ጎማው የተወው የፍሬን ምልክት አራት ሜትር ብቻ። ከዚያ ቁልቁለት እየወረደ አራት ሜትር እንዴት ይሆናል? ድንጋዩ እየሸሸብኝ ይሆናል። አንድ ጊዜ ልድገመው። ጨርሼ ልሄድ ነበር እኮ፤ ሞተሩን ካስነሳሁ በኋላ ነው ልክ አልመስልህ ያለኝ።»

ተነስ አላለችውም። ጉልበቷ እየተንቋቋ ተንበረከከች። ድንጋዩን አነሳችና በቦታው የሜትሩን ጫፍ በአውራ ጣቷ ተጫነች።

«ዘርጋው» አለችው።

ዘረጋው።

«አንብበው።»

«አራት ከሃያ።»

«ለከበሮ አሳየው።»

ከበሮ የስልኩን መብራት አበራና ጎንበስ አለ። «አራት ከሃያ» አለ። ይህን ጊዜ አልቀለደም።

«እኔም ይዤዋለሁ፤ አልሸሸም» አለች እቴቴ። «ጻፈው። ሦስታችንም እንፈርምበታለን።»

ጭምቱ ጭኑ ላይ ወረቀቱን አስደግፎ ጻፈ። ሦስቱም ፈረሙ። እሱ ሲያጥፈው ከፒክአፑ ማዶ አንድ ከባድ መኪና እያገሳ አለፈ፤ ነፋሱ ወረቀቱን ከእጁ ሊነጥቀው ነበር። ጭምቱ ያን ጊዜ ነው የት እንደተንበረከከ ያየው።

«ሙሉ ነህ?» አለችው። ይህን ከጠረጴዛዋ ውጪ ጠይቃ አታውቅም።

«ጎደሎ ነኝ እቴቴ። በጣም ጎደሎ ነኝ።»

«እሺ። ተነስ እንግባ።»

ሞተሯን ከቁልቁለቱ ግርጌ ላለ ነዳጅ ማደያ አደራ ሰጡ። ጣቢያው ሲደርሱ የአዛዡ ቢሮ መብራት እንደበራ ነበር፤ እሱ ግን አልወጣም። የቀሩት ሁሉ የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ አግዳሚው ላይ ናቸው፤ ለጭምቱ መሐል ላይ ቦታ ለቀቁለት። እቴቴ መዝገቡን ገለጠችና በመስመሩ ላይ ጻፈች፦ 12፡50።

በነጋታው አዛዡ መዝገቡን ከፊቱ ዘርግቶ ጠበቃት። ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ፊት ነበረው። «ሳጅን፣ ባልደረባችሁ በደህና በመግባቱ ደስ ብሎኛል። እውነቴን ነው። ይህ ሪፖርት ግን እንዲህ አይሄድም። እዚህ ላይ አንድ ሰረዝ ያድርጉና አሥራ አንድ ተኩል ብለው ይጻፉበት። የትናንቱን ነገር እኔም እረሳዋለሁ።»

«አልጽፍም ጌታዬ።»

«ሰውየው በደህና ገብቷል እኮ። ማን ይጎዳል?»

እቴቴ ስትናገር ድምፅዋ ከወትሮው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «በዚህ ጣቢያ መዝገብ ውስጥ አንድ ውሸት አለ። በደግነት የተጻፈ ነው፤ ሰው ገደለ። ሁለተኛው በእኔ እጅ አይጻፍም።»

አቤት ጌታዬ የሚፈረም ደብዳቤ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መቼ እንደመጣ አላየችውም። የያዘው ፋይል አልተንቀሳቀሰም፤ እሱም አልተንቀሳቀሰም።

«የምን ውሸት?» አለ አዛዡ።

«የቆየ ነው ጌታዬ። ሆድ ይፍጀው።»

አዛዡ እንደማትጨምርለት ሲያውቅ ተዘጋጅቶ የነበረውን ወረቀት ፈረመ። «ከዛሬ ጀምሮ ንብረት ክፍል ነዎት።» ወደ በሩም ዞረ። «መዝገቡን አንተ ትይዛለህ። ሁሉም መስመር በሰዓቱ ይዘጋል። ተግባብተናል?»

«አቤት ጌታዬ።»

እቴቴ ከመውጣቷ በፊት የታጠፈውን መጠይቅ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አዛዡ ዘረጋው። ሃያ ዘጠኙ ጥያቄ በነጥብ ተሞልቷል። አሥራ ሰባተኛው፣ «ችግር ሲገጥመኝ ባልደረቦቼ ይደርሱልኛል» የሚለው ብቻ ቁጥር የለውም። ከሥሩ በእጅ ጽሕፈት «የሐሙስን መስመር ይመልከቱ» ይላል።

ንብረት ክፍሉ አንድ መስኮት ያለው ረጅም ክፍል ነው፤ የጎማና የእርጥብ ጨርቅ ሽታ አለው። አርባ ሦስት የዝናብ ካፖርት የሚል ዝርዝር ሰጧት። አርባ አንድ አገኘች፤ አርባ አንድ ብላ ጻፈች። ማሰሪያቸው የተበጠሰ የራስ ቁሮችን ለየች። እጇ ሲሠራ ልቧ ኮሪደሩ ላይ ነበር። የፈራችው ንብረት ክፍሉን አልነበረም። ያው እጅ ያንኑ ቃል ዳግመኛ ሲጽፍ ማየትን ነው የፈራችው። አላይም ብላ ቤቷ ልትሄድም ትችል ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ከሃያ ሲሆን በሩን ቆልፋ አግዳሚው ላይ ሄዳ ተቀመጠች።

ከከበሮ በቀር ሁሉም ነበሩ። የሦስት ቀን ዕረፍት የተሰጠው ጭምቱ እንኳ የቤት ሹራብ ለብሶ መጥቷል። «ቤት ምን ሆንክ?» ብትለው «ልጄ ተኛ» አላት፤ ሌላ አልጨመረም። ጎኑ ተጠጋችለት።

ጠረጴዛው ላይ አቤት ጌታዬ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። አንድ መስመር ባዶ ነው። ከበሮ የጭምቱን ሞተር ጭኖ ሊያመጣ ሄዶ አልተመለሰም።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። አዛዡ ወጣ።

«ዝጋው» አለ።

«አቤት ጌታዬ» አለ አቤት ጌታዬ። ብዕሩ በእጁ ነው። እጁ ወረቀቱ ላይ ነው። አልተንቀሳቀሰም።

አዛዡ ጠበቀ። «ሰማኸኝ?»

«አቤት ጌታዬ።»

«ታዲያ ጻፋ።»

ሰውየው ብዕሩን መዝገቡ ላይ አስተኛው። ከመቀመጫው ተነሳና እጆቹን በግራና በቀኝ ጎኑ አድርጎ እንደ ምልምል ቀጥ ብሎ ቆመ። «አልገባም፣ ጌታዬ» አለ።

አዛዡ ባዶውን መስመር በጣቱ ነካ።

«ሾፌር እኮ ነው። ጎማ ተንፍሶበት ይሆናል።»

«ሊሆን ይችላል ጌታዬ። አልገባም ግን።»

«ነገ ሌላ ሰው አስቀምጣለሁ።»

«ያስቀምጡ ጌታዬ። ማንን?»

አዛዡ ወደ አግዳሚው ዞረ። አንድ በአንድ አያቸው። ዓይኑን የሰበረለት የለም፤ የቤት ሹራብ የለበሰው ጭምቱም አልሰበረም። አዛዡ የእጅ ሰዓቱን ተመለከተና እጁን ወደ ጎኑ መለሰ። ወደ ቢሮው ገባ። በሩን ግን አልዘጋውም፤ ወንበሩን ኮሪደሩ ወደሚታይበት በኩል ሲጎትት ተሰማ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ የፒክአፑ ጥሩንባ ከግቢው በር ተሰማ። ከበሮ ሆዱን አስቀድሞ፣ እጁ እስከ ክርኑ ግራሶ ሆኖ ገባ። ጠረጴዛው ላይ ማን እንዳለ ሲያይ እርምጃው ተገታ።

«ሙሉ ነህ?» አለው አቤት ጌታዬ። ጥያቄው አፉ ላይ አዲስ ስለሆነ ድምፁ ተሰነጠቀ።

ከበሮ እቴቴን አየ፣ እሱን አየ። «እኔ ሙሉ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ጎማው ነው የጎደለው።»

የጭምቱ ትከሻ ተንቀሳቀሰ።

አቤት ጌታዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ። ዝቅ አለና ጻፈ። ከዚያም መዝገቡን በሁለት እጁ ይዞ ወደ አግዳሚው በኩል አዞረው፤ ወደ እቴቴ ግን አላየም። እሷ ተነስታ ሄደችና ጎንበስ ብላ አነበበች። 12፡08 ይላል። የእጁ ጽሕፈት አልተለወጠም፤ የአንድ ቁጥሯ ጭራ እንኳ ያው ነው።

«ልክ ነው» አለችው።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ከሥራ ውጪ ለእሱ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር። ቀጥላ ኮሪደሩን ይዛ ወደ ልብስ መቀየሪያው ሄደች፣ የደንብ ልብሷንም ቁልፎች ከላይ ጀምራ መፍታት ያዘች።